እውነት ወይስ ተረት? ጫፉ የተሞረደ ጥይት

የወንድሜ ልጅ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። ባለፈው ጥቅምት መግቢያ ላይ ደወለልኝና ሰላምታው፣ የእናቱ ጤና፣ የዶላር ምንዛሪው ካለቀ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ አባባ ለአደን ሲወጡ የጥይቱን ጫፍ ይሞርዱ ነበር አይደል?»

«ይሞርዱ ነበር» አልኩት። እንዴት እረሳዋለሁ? አባቴ ምንሽራቸውን ወልውለው ሲጨርሱ ከዝናራቸው ሦስት አራት ጥይት ይመዙና ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ቢላ በሚሳልበት ድንጋይ ጫፉን ያሹታል። የሚያብለጨልጨው ሽፋን እየተነሣ ውስጡ ያለው ግራጫ እርሳስ ብቅ ሲል ዓይኔን ሳልነቅል አይ ነበር። «ይኼ ሲገባ እንደ ጣት፣ ሲወጣ እንደ መዳፍ ነው» ይሉ ነበር።

ልጁ የጠየቀኝ ግን ለጨዋታ አልነበረም። አሜሪካኖቹ ሰርቲ ኦት ሲክስ ለሚሉት ጥይት የተሠራ አሮጌ ጠመንጃ ገዝቷል። አብሮም ለወታደር የተሠራ ርካሽ ጥይት በካርቶን ሸምቷል። የአጋዘን አደኑ የሚከፈተው ከጾመ ነቢያት በፊት ስለሆነ በዚያ በኩል ችግር የለም፤ ሰኮናው የተሰነጠቀ የሚያመሰኳ እንስሳ ስለሆነም ሥጋው ይበላል። ችግሩ የሚኒሶታ ሕግ ለአጋዘን የሚተኮሰው ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚሰፋ ዓይነት እንዲሆን ማዘዙ ነው። የወታደሩ ጥይት ደግሞ አይሰፋም። «ሞረድ አለኝ፣ የአያት ሙያ አለኝ፣ ምን ይጎድለኛል?» አለኝ።

የሚጎድለውን ስነግረው አንድ ሰዓት ሄደ። ያልነገርኩትንም ጨምሬ እዚህ ጻፍኩት። የኛን አቆጣጠር ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። በእኛ አፍ ሁሉም «ጥይት» ስለሚባል ደግሞ አስቀድሜ ልለየው፤ ባሩዱን የሚይዘው ናስ ቀለህ ነው፣ ከኋላው የሚመታው ክብሱል ነው፣ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደውን አረር እለዋለሁ። የሚሞረደው አረሩ ነው።

«ጫፉን ከሞረዱት የጦር ጥይት የአደን ጥይት ይሆናል»

ተረት ነው፤ ያውም ዓይን የሚያወጣ ተረት። ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል።

አያቶቻችን የያዙትን ወጂግራ አስቡት። ስሙ ከፈረንሳይኛው ፉዚ ግራ የመጣ ነው። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ነበር፤ የብረት ሽፋን የለውም። በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ እየሄደ ሥጋና አጥንት ሲያገኝ ማንም ሳይሞርደው በራሱ ይጠፈጠፋል። በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ የማያወጣ ባሩድ ይዘው ለበን የሚባለውን ጠመንጃ ሲያወጡ ፍጥነቱ ከ600 ሜትር አለፈ። በዚያ ፍጥነት ራቁቱን የሚሄድ እርሳስ በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ያለውን ጥምዝ ቦይ መያዝ ያቅተዋል፣ ይላጣል፣ ቱቦውንም ይደፍናል። ስዊዘርላንዳዊው መኮንን ኤድዋርድ ሩቢን በ1880ዎቹ መጀመሪያ መፍትሔውን አግኝቶ ነበር፦ እርሳሱን መዳብ ማልበስ። አረሩም ቀጠነ፣ ፈጠነ፣ ራቀ። እንስሳውን ሲያገኝ ግን ሳይሰፋ እንደ ወስፌ በስቶ ማለፍ ጀመረ። አባቴ ድንጋዩ ላይ የሚያሹት፣ ሳያውቁት፣ የአያቴን ወጂግራ ፍለጋ ነበር።

አሁን ወደ አደጋው። የወታደር አረር ሲሠራ የመዳብ ልባሱ ከጫፉ ድፍን፣ ከኋላው ክፍት ነው፤ የተደፋ ሲኒ ማለት ነው። እርሳሱ የሚገባው በኋላ በኩል ስለሆነ ከቀለህ የወጣ አረር ብትገለብጡ ብዙውን ጊዜ ከታች ግራጫው እርሳስ ይታያችኋል። የአደን አረር ተቃራኒው ነው፤ ከኋላ ድፍን፣ ከፊት ክፍት። እንግዲህ የወታደሩን ጫፍ ስትሞርዱት ሲኒው ሲኒነቱ ያበቃል። ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ ቀሰም ይሆናል።

ምላጩ ሲሳብ ከኋላ የሚመጣው የባሩድ ጋዝ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ እስከ 4,000 ኪሎ ግራም ገደማ ይጫናል። ልባሱ ቦዩን ነክሶ ይዟል፤ ውስጡ ያለውን እርሳስ የሚያስቆመው ግን ምንም የለም። ስለዚህ ሙዝ ከልጣጩ እንደሚሾልክ እርሳሱ ብቻውን ሊሾልክ ይችላል። ልጣጩ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ተኳሹ ድምፁን ሰምቷል፣ አፈሩ ሲቦን አይቷል፣ ሳትኩ ብሎ ቃታውን ስቦ ይደግማል። ሁለተኛው አረር የተቀረቀረውን መዳብ ሲያገኘው ቱቦው ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል፤ ያም ከተኳሹ ግራ እጅ በላይ፣ ከጉንጩ ፊት ነው።

«አባባ እኮ ምንም አልሆኑም» አለ ልጁ። አልሆኑም፤ ዓይናቸውም ጣታቸውም ሳይጎድል አረጁ። ሁልጊዜ አይደርስም። ጫፉ በጥቂቱ ብቻ ከተነካ ልባሱ እርሳሱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። አደጋውም ይኸው ነው፤ መቶ ጊዜ ያልደረሰ ነገር ለመቶ አንደኛው ዋስ አይሆንም። ጣቱ የተቆረጠበትም ሰው ስለ ሙያው ቁጭ ብሎ አያወራም፤ ወሬውን የሚያወርሱን የተረፉት ናቸው።

አደጋው ባይኖር እንኳ ሥራው ከንቱ ነው። ከሰርቲ ኦት ሲክስ የሚወጣ 11.7 ግራም አረር በሴኮንድ 820 ሜትር ይነሣል፤ በተለመደው የቦይ ጥምዘት በሴኮንድ 3,200 ጊዜ ያህል ይሾራል። እናቶቻችን ሲፈትሉ ያየ ያውቀዋል፤ እንዝርት ዘንጉ ትንሽ ከተጣመመ ወይም ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ይንቀጠቀጣል፣ ክሩም ይበጠሳል። በእጅ የተሞረደ ጫፍ መቼም እኩል አይወጣም። አንዱ ወደ ግራ ይበላል፣ ሌላው ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው ከሁለቱም ያጥራል። ከአፈሙዝ ሲወጡም እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይይዛል። ሥጋ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይሰባበራል፣ አንዱ እንዳልተሞረደ በስቶ ያልፋል። አስተማማኝ የሚባለው ዛሬም ነገም ያንኑ የሚያደርግ ነው። ሞረድ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ፋብሪካም ሞክሮት ተቸግሯል

ይህን የአባቴን ዘዴ መንግሥት በትልቅ ወርክሾፕ ሠርቶት ነበር። በ1895 እንግሊዞች በሕንድ ሰሜን ምዕራብ ድንበር ቺትራል ላይ ሲዋጉ፣ ሊ ሜትፎርድ ጠመንጃቸው ጠላትን በስቶ እያለፈ አያቆምም የሚል ስሞታ በረከተ። ካልካታ አጠገብ ዳምዳም በምትባል ቦታ የመሣሪያ ፋብሪካ ነበራቸው፤ ኃላፊው ካፒቴን ኔቪል በርቲ ክሌይ የአረሩ ጫፍ ላይ ያለውን ልባስ ቀነሰና እርሳሱ ጥቂት ብቅ እንዲል አደረገ። እኛም ዘንድ «ድምድም» የሚባለው ጥይት ስም የወጣው ከዚህች ቦታ ነው።

የመጀመሪያው የዳምዳም አረር ከኋላው አልተሸፈነም ነበር። ስለዚህ ልባሱ ቱቦ ውስጥ ሊቀር ቻለ፤ ልክ ከላይ እንዳልኩት። እንግሊዞቹ በኋላ በሠሯቸው አረሮች ጫፉን ከመግለጥ ይልቅ ከአፍንጫው መቦርቦርን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መሐንዲስ፣ መለኪያና ማሽን የያዘ ፋብሪካ የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ የኛ ሰው በቢላ መሳያ ይገባበታል።

የወታደር ሞረድ ግን አላረፈም። በ1898 ከአትባራ ውጊያ በፊት ሱዳን የሰፈሩት የጄኔራል ጋታክር ወታደሮች ዳምዳም ስላልደረሳቸው ቁጭ ብለው የጥይታቸውን ጫፍ ይሞርዱ ነበር። ውጊያው የተደረገው የኛው ተከዜ ውኃውን ይዞ በሚወርድበት በአትባራ ወንዝ ዳር ነው።

«ድምድም በዓለም ሕግ የተከለከለ ነው፤ ለአደንም አይፈቀድም»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ብዙ ሰው ያሳስታል። በሐምሌ 1899 የሄግ ጉባኤ ያወጣው መግለጫ በሰው ገላ ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚጠፈጠፍ አረር በጦርነት እንዳይሠራበት ይከለክላል። ልባሱ ሙሉ በሙሉ ያልሸፈነውን ወይም የተሰነጣጠቀውን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ቃሉ የሚናገረው ግን ስለ ጦርነት ነው። ስለ አጋዘን አንድም ነገር አላለም።

የአደን ሕግ በብዙ አገር ተቃራኒውን ያዛል። ሚኒሶታን አንሥቻለሁ፤ እንግሊዝም አጋዘን በጠመንጃ የሚተኩስ ሰው የሚሰፋ አረር እንዲይዝ ታስገድዳለች። ለሰው የተከለከለው ለእንስሳ እንዴት ይታዘዛል? ብሎ የሚገረም ሰው አለ። ወታደር ከቆሰለ ከውጊያ ወጣ፤ ሐኪም ያነሣዋል፣ ያድነዋል፤ ቁስሉን ማክፋት ትርፉ ሥቃይ ብቻ ነው። የቆሰለ አጋዘን ግን ሐኪም የለውም። ጠባብ ቀዳዳ ይዞ ጫካ ይገባና ሁለት ሦስት ቀን ተሠቃይቶ ይሞታል፤ አዳኙም ሥጋውን አያገኘውም። አንዱ ሕግ ሥቃይ ለመቀነስ ይከለክላል፣ ሌላው ሥቃይ ለመቀነስ ያዛል።

«ድምድም» የሚለው ስም በኛ ታሪክ ውስጥም ክፉ ሥራ ሠርቷል። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጣሊያን ኢትዮጵያውያን ድምድም ይተኩሳሉ ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ከስሳ ነበር። በየጎበዙ ዝናር ከየአገሩ የተለቃቀመ ጥይት ነበርና የአደኑ ከጦሩ ጋር ቢቀላቀል የሚገርም አይሆንም። ከሳሿ ግን በ1925 በጄኔቫ ፈርማ የከለከለችውን የመርዝ ጋዝ በዚያው ጊዜ ከአውሮፕላን ታዘንብ ነበር።

«አፉ ቀዳዳ ያለው ሁሉ ለአደን ነው»

አይደለም። ለዒላማ ውድድር የሚሠሩ አረሮች ጫፋቸው ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አላቸው። ያቺ ቀዳዳ እርሳሱ በፊት በኩል የገባበት በር ናት፤ ለመስፋት አልተሠራችም። እንዲህ መሠራታቸው ኋላቸው ድፍንና እኩል እንዲሆን ስለሚረዳ ዒላማ ላይ ይሰበሰባሉ። ሥጋ ውስጥ ግን ምን እንደሚያደርጉ አይታወቅም። ማችኪንግ የሚባለውን የታወቀ የዒላማ አረር የሚሠራው ሲዬራ ኩባንያ ራሱ ለአደን አይመክረውም። ቀዳዳዋን በመሰርሰሪያ የሚያሰፉም አሉ፤ ለእነሱም መልሱ ስለ እንዝርቱ የተናገርኩት ነው።

«ኃይለኛ ጥይት እንስሳውን ገፍቶ ይጥለዋል»

ይህንን የፈጠረው ሲኒማ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 11.7 ግራም በሴኮንድ በ820 ሜትር ሄዶ 100 ኪሎ የሚመዝን አጋዘን ውስጥ ቢቀር፣ እንስሳውን ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው በሴኮንድ 10 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት ነው። ኤሊ እንኳ ትቀድመዋለች። የተኳሹን ትከሻ የሚመታው ሰደፍ ቢያንስ ያንኑ ያህል ግፊት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ተኳሹ ደግሞ አልወደቀም። እንስሳ ባለበት ዱብ የሚለው አንጎሉ ወይም ኅብለ ሰረሰሩ ሲመታ ነው። ልቡ ወይም ሳምባው የተመታ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሮጦ ይወድቃል፤ ደሙ እስኪያልቅ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አጋዘኑ ሲሮጥ ባየ ቁጥር ጥይቱ ደካማ ነው ይላል፤ ሞረዱንም የሚያነሣው ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ ጥይት የሚሻሻለው እንዴት ነው?

በ1946 ጆን ኖዝለር የሚባል የኦሬገን ሰው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ሊያድን ወጣ። እንስሳው ጭቃ ላይ ተንከባሎ ቆዳው በደረቀ ጭቃ ተለብዷል። ኖዝለር ከቅርብ ተኮሰ፤ ጠመንጃው ኃይለኛ፣ ተኳሹም የተካነ ነበር። አረሩ ግን ያን ሁሉ ፍጥነት እንደያዘ ከጭቃውና ከቆዳው ሲጋጭ ተበታተነ፤ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ይህ የአባቴ ችግር ግልባጭ ነው፤ የሳቸው አልሰፋ አለ፣ የሱ ገና ሳይገባ ሰፋ።

ሰውየው ቤቱ ገብቶ አረሩን በመሐል ግድግዳ ከፈለው። ከፊት ያለው ክፍል እርሳስ ሲገባ ይሰፋል፣ ይበጣጠሳልም። የመዳቡ ግድግዳ ላይ ሲደርስ መስፋቱ ይቆማል፤ ከኋላ ያለው ክፍል ክብደቱን እንደያዘ ይዘልቃል። በዓመቱ ሙስ ላይ ሞከረው፣ ሠራለት፤ በ1948 ኩባንያውን አቋቋመ። ፓርቲሽን የሚባለው ይኸው አረር ዛሬም ይሸጣል።

ከዚህ ታሪክ የምወድለት የችግሩን ስም ማግኘቱን ነው። ብዙ ሰው አረር «ጠንካራ» ወይም «ለስላሳ» ነው ይላል። ጥያቄው በየትኛው ፍጥነት የሚለው ነው። ተራ የአደን አረር ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ550 ሜትር በታች ሲደርስ በወጉ አይሰፋም፤ በጣም ከፈጠነ ደግሞ ይበተናል። የልባሱ ውፍረት፣ ከጫፍ ወደ ኋላ እየወፈረ የሚሄድበት ልክ፣ የእርሳሱ ጥንካሬ፣ ሁሉም የሚለካው በእነዚህ ሁለት ፍጥነቶች መካከል እንዲሠራ ነው። ሞረድ የሚነካው ጫፉን ብቻ ነው፤ ከጫፉ በኋላ ያለው ልባስ ለአደን ታስቦ አልተሠራም።

የሚሰፋ አረር ሁልጊዜ ይበልጣል የሚለውም አይሠራም። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ከካራሞጃ እስከ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያው ጊሎ ወንዝ ድረስ እየዞረ ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል፤ ቁጥሩ ዛሬ ሲሰሙት ያሳፍራል። አብዛኛውን የገደለው በትንሹ 7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ፣ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነና በማይሰፋ 11.2 ግራም አረር ነበር። የዝሆን ራስ ቅል ወፍራምና ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ነው፤ የሚሰፋ አረር መንገድ ላይ ይቀራል። ቤል የራስ ቅሉን በመጋዝ አስተርትሮ አንጎሉ የት እንዳለ ከየአቅጣጫው አጠና። የወታደሩን ጥይት አልሞረደም፤ እንዳለ ተጠቅሞ የሚመታበትን ቦታ ተማረ።

ስለ ሥጋው አንድ ነገር

ልጁ «ክትፎ አደርገዋለሁ» ሲለኝ ነው ይህን ያነሣሁት። እርሳስ ያለው አረር ሲሰፋ ዓይን የማያያቸው ፍርፋሪዎች ከቁስሉ ርቀው ይበተናሉ። በ2008 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ አዳኞች ለድሆች ከሰጡት የአጋዘን ሥጋ እርሳስ ተገኝቶ፣ ያለውን እንዲጥሉ ለየምግብ ባንኩ ተነገረ። እርሳስ በእሳትም በሚጥሚጣም አይወጣም። በካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባለው ትልቅ ጥንብ አንሳ በ1982 የቀረው 22 ብቻ ነበር፤ ከገዳዮቹ ዋነኛው አዳኝ ትቶት ከሚሄደው የሆድ ዕቃ ጋር የሚውጠው እርሳስ ነው። ግዛቲቱ በ2013 ሕግ አውጥታ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ ማደንን ጨርሳ ከለከለች።

ለዚህ የመጣው ባለ ሙሉ መዳብ አረር ነው። ባርንስ የሚባለው ኩባንያ በ1989 ያወጣው፣ ጫፉ ተቦርቡሮ ሲገባ በአራት ቅጠል የሚከፈት ዓይነት ዛሬ ብዙ ተከታይ አለው። ክብደቱን ሳይጥል ይዘልቃል፣ ፍርፋሪውም እምብዛም ነው። ከርቀት ፍጥነቱ ሲወርድ ግን ከእርሳስ ቀድሞ መከፈት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ቀረብ ብሎ መተኮስ ይጠይቃል። እርሳስ የሚጠቀም ከቁስሉ ዙሪያ ሳይሰስት ቆርጦ ይጣል። የዱር ሥጋ ጥሬውን ስለመብላት የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ተቀያይመናል።

በመጨረሻ አንድ ካርቶን የአደን ጥይት ሊገዛ ተስማማ፤ ሃያ ፍሬ ነው። የወታደሩን ዒላማ መለማመጃ ላይ ይጨርሰው፤ ለወረቀት አስተማማኝ ነው። ልንሰነባበት ስንል ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ሦስቱን ሞርጃቸዋለሁ እኮ።»

«ተኩሰሃቸዋል?»

«አንዱን።»

«ከዚያስ?»

«ዒላማው ላይ የለም። ሳትኩ ብዬ ልደግም ስል መሸብኝና ተውኩት።»

ስልኩን ሳይዘጋ ጠመንጃውን እንዲያራግፍ፣ ቃታውን አውጥቶ በቱቦው ውስጥ በኋላ በኩል ወደ መብራቱ አሻግሮ እንዲያይ ነገርኩት። የብረት ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰማሁም።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «መብራቱ አይታይም።»